“አንተ እረፍ”

ከጭሮ ወደ ሂርና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ላባቸውን ሊጠርጉ ኮፍያቸውን ሲያነሱ፣ አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ ከጆሯቸው በላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ አየች።

“ጋሼ፣ እርስዎም የጭንቅላት ኦፕራሲዮን ተደርገዋል?”

“አዎ፣ ዕጢ ነበር፣ አወጡት። አንቺም?”

“እኔም።” ሻሿን ነካ አደረገች። “ራስ ምታቱ ተወዎት?”

“አልሀምዱሊላህ፣ እሱስ ተወኝ። ሰው ነው ያልተወኝ።”

“ሰው ምን አደረገዎት?”

“እኔ በበደሳ ከተማ ሰው ሲጣላ የማስታርቅ ነበርኩ። አሁን ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ዛፍ ስር ሲሰበሰቡ አይጠሩኝም። ራሴ ስሄድ ‘አንተ እረፍ፣ ቤትህ ግባ’ ይሉኛል።”

“ሐኪሙ ድነዋል አላለም እንዴ?”

“ብሏል። እነሱ ግን ‘ጭንቅላቱ ተከፍቶ፣ ከእንግዲህ ምን ፍርድ ያውቃል?’ ይላሉ። ወላሂ፣ ስንቱን ያስታረቅኩት እኔ ነኝ!”

“የእኔ ይብሳል። ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። የባሌ ወንድም በእኔ ቦታ ተቀመጠ። እኔን ‘አትድከሚ’ ብለው ጓዳ አስገቡኝ። ልጄ መሰጠቷን የሰማሁት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነው።”

“ልጅሽስ ዝም አለች?”

“መጋረጃውን የዘጋችብኝ እሷ ናት።”

ሽማግሌው ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

“መጀመሪያውኑ ለሰው ባንናገር ይሻለን ነበር፣ እህቴ።”

እኔም ከኋላቸው ሆኜ የራሴን ስፌት የሸፈነውን ኮፍያ እስከ ጆሮዬ ድረስ ዝቅ አደረግኩት።