የገበያ ቀን ክራውን

«ሄሎ… ወዓለይኩም ሰላም፣ አባ። ሥራ ላይ ነኝ፤ ቶሎ በለኝ።»

ሂዳያ ሐይቅ ከተማ ካለው መሥሪያ ቤቷ፣ ከባልደረባዋ ከምንይችል ትይዩ ተቀምጣ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ወሸቀችው። የደወለው አባቷ ሰላሀዲን ነው፣ ከውጫሌ። ባለፈው ወር መንጋጋ ጥርሱ ተሰንጥቆ ደሴ ወስዳው ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ የበሰበሰው ሥር ይታከማል፣ ከዚያ በላዩ ክራውን የሚሉት የጥርስ ሽፋን ይደረግበታል ብሎ ዋጋውን ነገራቸው። ሲመለሱ ሰላሀዲን እስከ ሐይቅ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የተናገረው፦ በዚያ ገንዘብ ጥርሱ የሞላ ሙክት ይገዛል። ዛሬ ያንኑ ዋጋ ድገሚልኝ ይላል።

«ነግሬሃለሁ እኮ። የሥሩ ሕክምና ስድስት ሺህ፣ ክራውኑ አሥራ ሁለት… አዎ፣ ሺህ። ዚርኮንያ የሚሉት እጥፍ ነው፣ እሱን ተወው… ጤና መድኑ? ለክራውን አይከፍልም… ክፍያው ግማሹ የጥርስህን ልክ ሲወስዱ፣ ግማሹ ሲገጥሙልህ ነው። አራት ሺሁን እኔ እችላለሁ ብያለሁ… ምን? አልሰማሁህም። አባ፣ ጉንጭህ ሞልቷል። ትፋውና አውራኝ።»

ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዚህ ሰዓት የአባቷ ድምፅ በጫት መታፈኑ ለእሷ አዲስ አይደለም። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ ነገር ያፏጫል፤ ቀጭን፣ ሳብ ለቀቅ የሚል።

«ማነው እዚያ የሚያፏጨው?… እሺ፣ ይሁን። — ምንይችል፣ ሪፖርቱ አልቋል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ውሰደው። — አባ፣ ቀጥል።»

ዋጋ መጠየቅ ብቻ እንዳልሆነ ቀስ እያለ ገባት። አባቷ ጉዳዩን ጨርሶታል። በገበያ ቀን ጥርስ በቦርሳው ይዞ የሚዞር አንድ ሰው መጥቶ፣ በሦስት ሺህ ብር፣ በሩብ ሰዓት ቢጫ ሽፋን አልብሶት ሄዷል። ግማሹን ተቀብሏል፤ ቀሪውን ለሚመጣው ገበያ። ሰላሀዲን ማወቅ የፈለገው ተታልሎ እንደሆነ ነው።

«ሥሩንስ አከመው?… ሕመሙ ጠፍቶ ነበር? አባ፣ የጠፋው እኮ ጥርሱ ስለሞተ ነው፤ ሐኪሙ ፊትህ ነው የነገረን። ሰውዬው መግሉን ውስጡ ትቶ ነው የደፈነልህ… አሁንም ታላምጣለህ። ትፋው አልኩህ።»

ፉጨቱ ቀጠለ። ከዚያ እናቷ ዙሌይካ ስልኩን ተቀበለች።

«እማ፣ ጫቱን አስተፊው፤ አንድም ቃል አልገባኝም… አልቃመም? ከመቼ ጀምሮ?… ሦስት ቀን?»

ስልኩን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ያዘችው። እናቷ የምታወራው በረጋ ድምፅ ነበር። አፉ ማንኪያ አያስገባም። ከሱብሂ ሶላት ወዲህ ውኃ አልወረደለትም፤ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት በፎጣ ትጠርግለታለች። ከአገጩ በታች አብጦ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ጋደም ሲል ስለሚታፈን ግድግዳ ተደግፎ ነው ያደረው። ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፣ አትንገሪያት ብሎ ነበር፤ ዛሬም የደወለው ቀሪውን ልክፈለው ወይስ ልከልክለው ብሎ ለመጠየቅ ነው።

«እማ፣ ስሚኝ። የሰውዬውን ገንዘብ ተዪው። አሁኑኑ መኪና ያዙ፣ ኮንትራት፤ የጠየቁትን ክፈሉ። እኔ እዚህ አስፋልቱ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፣ ደሴ አብረን እንገባለን… አይሆንም፣ አታስተኚው። ቁጭ እንዳለ ይሁን። — ምንይችል፣ ቁልፉን አንተ ያዝ፣ ወጣሁ። — እማ፣ ከቅድም ጀምሮ የሚያፏጨው ማነው? ከእናንተ ሌላ ቤት ውስጥ ማን አለ?»

ማንም የለም፣ አለች እናቷ። እሱ ነው። ሲተነፍስ ነው።

ሂዳያ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ስልኩን ወደ አፉ አስጠጊልኝ… አባ፣ አትናገር። አትመልስልኝ። ዝም ብለህ ተንፍስ፤ እየሰማሁህ ነው።»

ፉጨቱ ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ዘገየ፣ ወጣ። ገባ።

ጠበቀች።

«አባ?… እማ?… ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ስክሪኑን አየች። ሰከንዱ ይቆጥራል፤ መስመሩ አልተቋረጠም፤ ፉጨቱ ግን ቆሟል።