በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ውስጥ ስለተገኘው ስልክ

የምስክር ስም፦ ኤፍሬም ለማ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የእንጨት ሥራ
አድራሻ፦ ወልቂጤ ከተማ
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡40፣ ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ

ከላይ ስሜ የተገለጸው እኔ ቃሌን የምሰጠው ሳልጠራ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። የክፍሉ በር እንዲዘጋልኝ ጠይቄ ተዘግቶልኛል።

ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከጓደኞቼ ከነብዩና ከራምዚ ጋር ቡታጅራ በሚገኘው «ሦስት ዋርካ» ባርና ምግብ ቤት ነበርኩ። ይህ ቤት ወልቂጤም ቅርንጫፍ አለው፤ የዚያኛው ወንበሮች ወርክሾፔ በር ላይ ሆኜ ይታዩኛል። ምግቡም ዋጋውም አንድ ነው። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ስለሆንኩና ከምእመናኑ መጠጣቴን የሚያውቅ ስለሌለ፣ በወር አንድ ቀን በሚኒባስ ቡታጅራ ድረስ መጥቼ ድራፍት እጠጣለሁ። ለባለቤቴ ለትርንጎ የነገርኳት እንሴኖ ጣውላ ልገዛ እንደምሄድ ነው።

ክትፎ ለሁለት አዘዝን፤ ራምዚ የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ለብቻው ዓሣ ጥብስ መጣለት። ነብዩ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። «ለዘማሪያችን አንድ ድራፍት ድገሙለት!» እያለ ብርጭቆዬንም ፊቴንም ቀረጸ። እንዲያጠፋው ብለምነው «ቲክቶክ ላይ ነው የምለቀው፣ ምን ታካብዳለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ የበላሁት አልጣፈጠኝም።

ራምዚ ለሶላት ወጥቶ፣ ነብዩም እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ስልኩን አነሳሁ። ቪዲዮውን ላጠፋ እንጂ ልሰርቅ አልነበረም። የይለፍ ቁጥር ጠየቀኝ፤ ሁለቴ ሞክሬ አልከፈት አለኝ። ነብዩ እጁን እያራገፈ ሲመለስ ሳይ ደነበርኩና ስልኩን ከእግሬ አጠገብ በነበረው የባዶ ለስላሳ ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ወዲያው አስተናጋጇ ረድኤት መጥታ ሳጥኑን ወደ ጓሮ ወሰደችው። «ቆይ» ማለት አቃተኝ።

ነብዩ ስልኩን ሲያጣው በእኔ ስልክ ደወለ። ጥሪው ከጓሮ መጋዘን ተሰማ። የቤቱ ሰዎች ረድኤትን ከበቧት። «በእናቴ! ሳጥን ብቻ ነው ያነሳሁት» እያለች አለቀሰች። ራምዚ ሲመለስ «ስልክህ ተገኝቷል፣ ተዋት በአላህ» ብሎ ለመነው። ነብዩ ግን ፖሊስ ጠራ። እኔ ግን ሳጥኑ ውስጥ የጣልኩት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። 9 ሰዓት ላይ መኪና ይዤ ወደ ወልቂጤ ሄድኩ።

እሑድ ለመዝሙር ቆሜ ድምፄ አልወጣ አለ። ሰኞ ራምዚ ደውሎ ረድኤት በስርቆት ተጠርጥራ አንድ ሌሊት ታስራ በዋስ መውጣቷን፣ ከሥራም መባረሯን ነገረኝ። መጋዝ ይዤ የማን በር እንደምሠራ ረሳሁ።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ረድኤትን አገኘኋት። ለቀጠሮ መጥታ ነበር። አወቀችኝና «ሊመሰክሩልኝ ነው? እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለካ ሰው አለኝ» ብላ እጄን ያዘችኝ። «አዎ» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ይህ ቃል እሷ ባለችበት እንዲነበብ ጠይቄያለሁ። መጥሪያም በቤቴ አድራሻ ቢላክ አልቃወምም። የተናገርኩት የሆነውን ብቻ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፤ ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኤፍሬም ለማ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ሳላሀዲን ከድሮ (ተፈርሟል)

ሲነበብ የሰማች፦ ረድኤት ነብዩ፤ አልፈረመችም። (ከግል ተበዳዩ ነብዩ ጋር ዝምድና የላትም።) እስከ መጨረሻው ቆማ ካዳመጠች በኋላ «ሦስት ቀን ሙሉ?» ስትል ምስክሩን ጠይቃዋለች።