የመንገድ ዳር ሰሊጥ

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ወደ ባሱንዳ የምትሄደው ቦክሲ የሚሏት ፒካፕ ሰው ካልሞላላት ንቅንቅ አትልም። አቶ ስንሻው ይህን ስለሚያውቁ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ዳስ ጥላ ሥር ገብተው ቢቀመጡ፣ ሳያስቡት አጠገባቸው ኣድያምን አገኙ። ኣድያም ከትግራይ ተሰዳ መጥታ በስደተኞች መጠለያ ልጆች የምታስተምር ወጣት ናት፤ የእሳቸውንም ልጅ ፀደይን እንግሊዝኛ አስጠንታታለች። ሰላምታው እንዳለቀ የጠየቀችው እሳቸው የፈሩትን ነው።

«ፀደይ ተመዘገበች ወይ፣ ጋሽ ስንሻው? ምዝገባው እኮ ነገ ይዘጋል።»

«አልተመዘገበችም። አኩርፋ ሦስት ቀኗ ነው። ምሳዬን ታስቀምጥልኛለች እንጂ አታናግረኝም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

ፀደይ ጎንደር ሄዳ አዋላጅ ነርስነት መማር ትፈልጋለች። አባቷ ለአንድ አጨዳ ብለው ከዚያው ከጎንደሯ አዘዞ ከወጡ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ድንበሩን የተሻገረ ሰው መልሶ መግባቱ አይታወቅም፤ ሄዶ፣ አይቶ መመለስ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ያለው መሄድ ብቻ ነው።

«ያላየሁት ቦታ ልጄን አልሰድም። ኮሌጅ በስልክ ይታያል እንዴ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ፍረጂ።»

እውነቱን ለመናገር አቶ ስንሻው የፈሩት ኮሌጁን ብቻ አልነበረም። ልጅቱ እሳቸው ሌት ተቀን የሚናፍቁት አገር ገብታ፣ እሳቸው ያለሷ እዚህ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ያስፈራቸዋል። ይህን ለሰው ለመናገር ግን አፋቸው አይታዘዝላቸውም።

ኣድያም ጥቂት አሰበችና፣ «ወጣት ሳሉ ሥራዎ ምን ነበር?» አለቻቸው።

«ዓይን ነበርኩ» ሲሉ ፊታቸው ፈካ። «አርባ ሆነን ለሰሊጥ አጨዳ ስንመጣ፣ ከእርሻው ወኪል ጋር ከመዋዋላችን በፊት አይቼ እንድመለስ ጓዶቼ እኔን ይልኩኛል። ወኪሉ የሚያሳይሽ የመንገዱን ዳር ነው፤ ዳሩ ምንጊዜም የታረመ ነው። እኔ ግን መሐል እገባለሁ። አረሙን አያለሁ፣ ፍሬውን ፈልፍዬ እመለከታለሁ። ከዚያ አምና እዚያ ያጨዱትን ፈልጌ፣ ባለእርሻው ውኃ ያደርሳል ወይ፣ የታመመ ያሳክማል ወይ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን አሳስቻቸው አላውቅም።»

«ታዲያ ፀደይ ሦስቱን ኮሌጆች ስታሳይዎ የትኛውን ወደዱ?»

«ያንን በሩ እምነ በረድ የሆነውን፣ ግቢው አበባ በአበባ የሆነውን ነዋ። እሷ ግን ግድግዳው የተላጠውን ሙጥኝ አለች። እንግዲያውስ ሁሉም ይቅር አልኳት።»

ኣድያም ፈገግታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሽ ስንሻው፣ እርስዎ ከመንገዱ ዳር ቆመው መረጡ።»

ስልኳንም አውጥታ፣ ፀደይ ከደብተሯ ፎቶ አንስታ የላከችላትን ገጽ ከፈተችላቸው።

«ልጅዎ መሐል ድረስ ገብታለች። ያ አበባ የሞላበት ፎቶ የሌላ አገር ሆቴል ነው፤ ምስሉን ራሱን ኢንተርኔት ላይ አስገብታ ስትፈልግ አገኘችው። ሁለተኛው ኮሌጅ ፈቃድ ካላቸው ኮሌጆች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ሦስተኛው፣ ግድግዳው የተላጠው፣ አለ። ያም ሆኖ በዚያ አላበቃችም፤ አምና የተመረቁ አራት ልጆች ፈልጋ ለየብቻ ጠይቃለች። ጥያቄዎቿን ያንብቧቸው።»

ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ እየተንተባተቡ አነበቡ። «ሆስፒታል ወስደው ያለማምዷችኋል? ስንት እናት በእጃችሁ አዋለዳችሁ? ውኃ ይደርሳችኋል? የታመመ ያሳክማሉ?»

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግመው አነበቧቸው። ፀደይ በልጅነቷ ጭናቸው ላይ ተኝታ የእርሻውን ወሬ ስትሰማ፣ እንቅልፍ የወሰዳት ይመስላቸው ነበር።

«ምን ብለው መለሱላት?» አሉ።

«ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠፋል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ይጠባል ብለዋታል። ማለማመዱ ግን ጥሩ ነው፤ አራቱም ሥራ ይዘዋል።»

«ጉድለቱንም ከነገሯትስ እውነት ነው። እኔም ለጓዶቼ አረሙን ሳልደብቅ ነበር የምነግራቸው።»

ኣድያም አንዲት ተማሪ ከበሩ እስከ ክፍሏ እየሄደች የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፈተች። ግድግዳው ልጥልጥ ያለ ነው። ከአጥሩ ውጭ ግን የአንድ ታክሲ ረዳት ድምፅ ገባ፦ «አዘዞ፣ አዘዞ፣ አንድ ሰው የቀረው!»

አቶ ስንሻው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «መልሽልኝ።» መለሰችላቸው። «አሁንም።» በሦስተኛው ግድግዳውን አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ሰሙ። እንባቸው ሲወርድም አልሸሸጉት።

ለመሄድ መንገድ የተዘጋበት ሰው ዓይኑ አልተዘጋም። ፈቃዱን ያጣራ፣ ፎቶውን የመረመረ፣ የተማሩበትን የጠየቀ ወላጅ፣ በር ብቻ አይቶ ከተመለሰው ይልቅ ልጁን ወዴት እንደሚልክ ያውቃል፤ ልጅም ዓመታቷን በከንቱ አታባክንም። አቶ ስንሻው ይህን ለመረዳት የፈጀባቸው ፒካፗ እስክትሞላ ያለው ጊዜ ነው።

ደወሉ።

«አቤት፣ አባየ» አለች ፀደይ፣ በኩርፊያ ድምፅ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተመዝገቢ።»

«ሳላየው አልሰድሽም ብለውኝ አልነበር?»

«አየሁት። መሐል ድረስ ገባሁ። እዚያ በሩ ላይ ታክሲው አዘዞ እያለ ይጣራል፣ ልጄ። አንድ ሰው ነው የቀረው ይላል። አንቺ ግቢ።»