በነጠላ የተፈተነው የቀለም መርጫ

ደባርቅ ያለውን የቤታችንን ረጅም የጣውላ አጥር ለመቀባት ሱቅ ሄጄ፣ በእጅ ከሚነፋው የቀለም መርጫ ይልቅ የኤሌክትሪኩን መረጥሁ። ባለሱቁ ማሽኑ በግማሽ ቀን ሥራውን እንደሚጨርስልኝ ነግሮኛል። ቤት ወስጄው ቀለሙን ልሞላ ስል ጎረቤታችን እማሆይ ወለቴ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። በእሳቸው በኩል፣ አጥሩ ሥር፣ ለገበያ የደረሰ ነጭ ሽንኩርት አላቸው።

«መጀመሪያ በውሃ ሞክረው» አሉና ነጠላቸውን ዘርግተው ሽንኩርቱ ፊት ቆሙ።

«እማሆይ፣ ይበሰብሳሉ እኮ!»

«ውሃ አይደል? ይልቅ ልቀቀው።»

ለቀቅሁት። ነፋሱ ውሃውን በጣውላዎቹ ክፍተት አሳልፎ ነጠላውን አራሰው። ጣውላው ግን ገና ግማሹ ደረቅ ነበር።

«እኔን ቀብተህ ጨረስህ፤ አጥሩማ መች ተነካ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ማሽኑን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስሁ።

«ምን ችግር አገኘህበት?» አለ ባለሱቁ።

«ምንም፤ በደንብ ይረጫል» አልሁትና በምትኩ ሁለት ብሩሽ ወሰድሁ።

በማግስቱ በሁለቱም በኩል እኔው እንደምቀባ ለእማሆይ ነገርኋቸው። እጃቸውን በአጥሩ ላይ ዘረጉ።

«አንዱን ብሩሽ ወዲህ በል። ሽንኩርቴ መሃል የምቆም እኔ ብቻ ነኝ።»