እግሩ የረዘመው አልጋ

ሳቄ አላስወራኝም እንጂ ዋናው ገና ነው፤ ስሙኝማ። ባለቤቴ ወረታ ላይ አናጢ ነው፤ እሱ እንጨቱን ይልጋል፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ያለ አንድ ሚስማር፣ እንጨቱን በእንጨት ሰክተን የዋንዛ አልጋ ሠራንላት። የምትገባው ርብ ወንዝ ዳር ነውና ባለቤቴ "ክረምት ውኃ ይገባባቸዋል" ብሎ እግሩን እስከ ወገቤ አስረዘመው። አልጋው ሲደርስ አማቷ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "እታለም፣ ሙሽራዋን በመሰላል ልናወጣት ነው?" ብለው በሰው ፊት ሳቁብኝ። ያን ያህል የለፋንበት ሥራ መሳቂያ ሆነ።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ቤታቸው ገባ። የአልጋው እንጨት በውኃ አብጦ ተላቆ ይሆናል ብዬ እየፈራሁ ሄድሁ። ስገባ ውኃው ገና ከቁርጭምጭሚቴ አልወረደም። የዓመት ቀለባቸው ሩዝ ከነጆንያው አልጋው ላይ ውኃ ሳይነካው ተቀምጧል፤ አማቷም ከጆንያው አጠገብ እግራቸውን አጣጥፈው ቁጭ ብለዋል። ሰላምታውን ትቼ አልጋውን በሁለት እጄ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። አማቷ ከላይ ሆነው አዩኝና፣ "እታለም፣ ለእኔም አንድ ይሥራልኝ፤ ስፋቱን ግን ይጨምርበት፣ ጥጃዋን የምናወጣበት አጥተን ነው ያደርን" አሉኝ።