እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የፈረሰ ቤት

«አባባ፣ ይህን ቤት ያፍርሱልን» አለኝ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር። እኔ ጣሪያው ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ሣር እከድን ነበር። ባለፈው ክረምት ጣና ሞልቶ የደልጊን ዳርቻ ሲጠርግ የእኔንም ቤት ወስዶት ነበርና፣ በጋውን ሙሉ እንጨት በታንኳ እያመጣሁ መልሼ ያቆምሁት ነው። አራስ ልጄ ቤቱ ውስጥ ተኝታለች። «ምነው ጓድ፣ ትቀልዳለህ?» አልሁት። «ነገ እርዳታ የሚሰጡ እንግዶች ከባሕር ዳር በጀልባ ይመጣሉ። የቆመ ቤት ካዩ ‹እነዚህስ አገግመዋል› ብለው እህሉን ለሌላ ይሰጡታል። የሰው ሁሉ ረሃብ በእርስዎ ይሁን?» አለኝ። ጎረቤቶቼ ከኋላው ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ከመካከላችን ቤቱን መልሶ ያቆመ እኔ ብቻ ነበርሁ። አንዱ ብቻ፣ «ለአንድ ቀን አይደል እንዴ፣ አባባ» አለ።

አፈረስሁት። ክዳኑን በገዛ እጄ ገፈፍሁ፣ ግድግዳውን ገፋሁ፣ ልጄን ከነጨቅላዋ ሾላ ሥር አስጠጋሁ። በማግሥቱ ሁላችንም ፍርስራሻችን ላይ ተቀምጠን ሐይቁን ስናይ ዋልን። ከሰዓት በኋላ በጀልባ የመጣ ነጋዴ፣ እንግዶቹ ባሕር ዳር ምሳቸውን በልተው ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ነገረን። እነሱ ሲቀሩ ዝናቡ መጣ። ልብሴ በላዬ ላይ እየተንጠባጠበ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድሁ፤ «አራሷ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ እንግዲህ ምን ላድርግ?» አልሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣

«አይዞዎት አባባ፤ አንዴ የሠራ እጅ ደግሞ ይሠራል» አለኝ።