ለሰርግ የተጠመቀው ጠላ

በእስቴና በስማዳ ድንበር ላይ አንዲት ጉብታ አለች፤ የድሮ መንደር ካብ የቀረባት። «የእኛ አባት ቆረቆራት»፣ «የለም፣ የእኛ ነው» ስንባባልባት፣ ካመናችሁኝ፣ ድንጋዩ ሁሉ ሸብቷል። በቀደም ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አስቀምጠው «በሉ፣ አያቶቻችሁን ቁጠሩ» አሉን። የእኛው አያ ካሴ ከራሳቸው ጀምረው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ «ቢተው! መንደሯን የቆረቆረ!» አሉ። እኔም እስከ አርብ ገበያ የሚሰማ ፉከራ ለቀቅሁ። ከስማዳ በኩል አያ ሞላ ተነሥተው ቆጠሩ፤ እሳቸውም በአምስተኛው ቢተው ላይ አረፉ።

«እንግዲህ ዘመዳሞች ናችሁ፤ ጉብታዋም የሁላችሁ ናት» አሉ ቄሱ። ሰው ሁሉ ደስ ሲለው አያ ካሴ ግን ቁጭ አሉ። «ልጄ እናንዬስ?» እናንዬን ለአያ ሞላ ልጅ ሊድሯት ሰርጉ ደርሶ ነበር። ሲያጯት «ከነዚያ ጋር ምን ዝምድና አለን!» ብለው ሳይቆጥሩ ቀርተዋል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ደግሞ ጋብቻ የለም። «አያ ካሴ፣ ሁለት አያት ከእኔ ልጨምርልዎ» አልኋቸው። ማንም አልሳቀም። «ተው ልጄ፤ በሙታን አልዋሽም» አሉኝ።

ለሰርጉ የተጠመቀው ጠላ ለዕርቁ ተጠጣ። የቀዳችልን እናንዬ ናት። ዋንጫዬን ሞልታ «ዛሬስ ቀልድ የለህም?» አለችኝ። እኔ ለፍላፊው፣ ዋንጫዬን አስቀምጬ ማንቆርቆሪያውን ተቀበልኋትና ለሰው መቅዳት ያዝሁ።